ስልሳ አንድ ቁጥር

ሉሊ ተከስተ ስልሳ አንድ ቁጥርን ትፈራ ነበር። በቃ፣ ትፈራለች። ባንክ ገብታ የወረፋ ወረቀቷ ላይ ስልሳ አንድ ከወጣ ወረቀቱን ጥላ ሌላ ትወስዳለች። ደምበል አካባቢ ያለ አንድ ደንበኛ ቢሮው ስልሳ አንድ ቁጥር መሆኑን ሲነግራት፣ «እታች ካፌው ጋ ብንገናኝስ?» አለችው እንጂ አልወጣችም። ጓደኞቿ «አንቺ ደግሞ፣ ተምረሻል ስንል!» እያሉ ሲስቁባት አብራ ትስቃለች። ምክንያቱን ግን ለማንም አልነገረችም።

ሉሊ ዌብሳይት ሠሪ ናት። የምትሠራው ካዛንቺስ፣ ሦስት ሰው ብቻ ያለበት አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ተወልዳ ያደገችው ደግሞ እዚያው ቅርብ፣ ቂርቆስ። እናቷ የሞተችው ሉሊ አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። አባቷ አቶ ተከስተ በወጣትነታቸው ከትግራይ መጥተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ አልተነቃነቁም። ሰፈር ውስጥ የሚታወቁት ግን በሥራቸው ሳይሆን በእድር ጸሐፊነታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት! እድርተኛው ዳኛ ይቀይራል፣ ገንዘብ ያዥ ይቀይራል፣ አቶ ተከስተን ግን የሚነካቸው የለም።

አሠራራቸው ለብቻው ነበር። እያንዳንዱ አባል በገባበት ተራ ቁጥር አለው። አባሉ ሲሞት ቁጥሩ ለማንም አይሰጥም፤ ልጁ ልግባ ካለ ከመጨረሻው ቀጥሎ አዲስ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ መዝገቡ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ክፍት ክፍት ሆኖ ነበር፤ ቁጥሩ መቶ ስልሳ ሦስት ደርሶ በሕይወት ያለው አባል መቶ አሥራ ስምንት ብቻ። ቀብር ላይ፣ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ አቶ ተከስተ መነጽራቸውን አጥልቀው ቁጥር ይጠራሉ። የመጣ «አለሁ» ይላል፣ የቀረ ይቀጣል። ባዶው ቁጥር ጋ ሲደርሱም አይዘሉትም። ጠርተውት አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይሉና ይቀጥላሉ። ሉሊ ልጅ ሆና፣ «አቦይ፣ የሞተ ሰው ይመልሳል እንዴ?» ብላቸው ነበር። «ባይመልስም ቦታው ነው» አሏት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲሞት፣ አፈር እስኪለብስ ድረስ ስሙን አይጠሩም። «መቶ አርባ አርፏል» ይላሉ እንጂ እገሌ አይሉም። ለምን እንደሆነ ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም።

ስልሳ አንድ ቁጥር ወይዘሮ ፀሐይቱ ነበሩ። ከነሉሊ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት። ሰፈሩ እማማ ይላቸዋል፤ ሉሊ ግን በትግርኛ «አደይ» ብላ ነው ያደገችው፣ ማለትም እናቴ፤ እናቷም እሳቸው ነበሩና። ፀጉሯን የሠሩላት፣ ኩፍኝ ሲይዛት ያዘሏት፣ እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ያስገቧት እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ ባላቸው ሲገደሉ ሰፈርተኛው ፈርቶ በሩን ዘጋ፤ ፀሐይቱ ባላቸውን የቀበሩት ከሁለት ሰው ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰው ለቅሶ ቀርተው አያውቁም፤ ወገባቸውን ይዘውም ቢሆን ይሄዳሉ። «ሞት ምን አለው፣ ጓለይ» ይሏት ነበር ፀጉሯን እየጎነጎኑ፤ ጓለይ፣ ልጄ ማለት ነው። «እኔ የምፈራው ያለ ሰው መቀበርን ነው። የኔ ቀን ሰው ይምጣልኝ እንጂ ሌላ አልለምንም።» ሉሊም፣ «አንቺንማ ቂርቆስ በሙሉ ነው የሚቀብርሽ!» ትላቸው ነበር። በገዛ አፏ ብላለች።

ከዚያ ሰፈሩ መፍረስ ጀመረ። በየአጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ እድርተኛው ግማሹ ቀረ፣ ግማሹ በየአቅጣጫው ተበተነ። ለፀሐይቱና ለልጃቸው ለሃድጉ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ሳንባው እስኪወጣ ቢነፋ ጎተራ አይሰማ! በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ «የተከስተ ልጅ ኮምፒውተር አዋቂ አይደለችም እንዴ? በሞባይል መልዕክት የሚልክ ነገር ትሥራልን» አለ።

ሠራችው። ሰው ሲሞት የመዝገቡ ቁጥር ይገባል፤ ፕሮግራሙ በቁጥሩ ስሙን ያወጣና «አባላችን እገሌ ስላረፉ ወደ ቤታቸው እንድትደርሱ» የሚል መልዕክት አዘጋጅቶ፣ ከቢሮዋ ኮምፒውተር ጋር በገመድ በተያያዘ ሞባይል ለሁሉም ይልካል። የጻፈችው ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ስሞች በየቁጥራቸው የሚቀመጡበት ዝርዝር አሬይ ይባላል፤ ልክ እንደ አባቷ መዝገብ ቁጥርና ስም ጎን ለጎን፣ ክፍቱም እንደ ክፍትነቱ። ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ የእድሩ ዳኛ አቶ ተስፋማርያም፣ «ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይሁንልን እንጂ፣ ስም ስንፈልግ ዓይናችን ጠፋ» አሉ። ቀላል ነገር ነው። ሉሊ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በአንድ እጇ ሳንድዊች ይዛ፣ አንድ መስመር ጨመረች፦ ሶርት። ደርድር ማለት ነው። ስሞቹ ስክሪኑ ላይ በፊደል ተራ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ደስ አላትና ዘጋችው።

ሶርት ግን አንድ ዓመል አለው። ሲደረድር የድሮውን ቁጥር ይጥላል። ሁሉንም ጠራርጎ ከዜሮ ጀምሮ አዲስ ቁጥር ያድላል፤ ክፍት ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም። ቁጥሩን ከስሙ ሳያላቅቅ የሚደረድር ሌላ ትዕዛዝ አለ፤ መመሪያው ላይ እዚያው አጠገቡ ተጽፏል። ሉሊ ይህን አታውቅም እንዳትሉ፣ ታውቃለች። ለሌላ ሰው ታስረዳለች እንኳ። የዚያን ቀን ግን አላሰበችውም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳንድዊች እየበላች! ስልኮቹ በሌላ ዝርዝር ስለነበሩ አልተነኩም፤ መልዕክቱ ለሁሉም ይደርሳል። የተዛባው ስሙ ብቻ ነው። ስልሳ አንድ ቁጥር ላይ አሁን የተቀመጡት ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ሌላ አባል ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር ውስጥ፣ አቶ ተከስተ በጠዋት ከቤት ስልክ ቢሮ ደወሉላት።

«ስልሳ አንድ አርፋለች» አሉ።

ሉሊ ቁጭ አለች። «አቦይ... አደይ?»

«አፈር ሳትለብስ አትጥሪያት። መልዕክቱን ላኪ። እኔ ወደ ጎተራ እየሄድኩ ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዮሴፍ ነው።»

እንባዋ እየወረደ ስልሳ አንድ ብላ መታች፣ ላከች። ስክሪኑ «118 ተልኳል» አላት። አላነበበችውም። ራሷ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ምን ብላ ታነበዋለች? አቶ ተከስተ ሞባይል ስለሌላቸው በሳቸው ቦታ የተመዘገበው የሷ ስልክ ነው፤ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። እሱንም አልከፈተችውም። ከሰዓት ለመውጣት እንዲያመቻት የጠዋቱን ሥራ ልጨርስ ብላ አቀረቀረች።

ስድስት ሰዓት ላይ አባቷ በሃድጉ ስልክ ደወሉ። «ጓለይ፣ ሰው አልመጣም።»

«ለሁሉም ደርሷል አቦይ። መቶ አሥራ ስምንት ይላል፣ እያየሁት ነው። ማሳለጫው ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ይሆናል።»

ሰባት ተኩል ላይ ደገሙ። «ድንኳንም አልመጣም። እስቲ ደግመሽ እዪው።»

«አየሁት አልኩህ እኮ! ተልኳል ይላል፣ ተልኳል! ሰው እየመጣ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው። በሕይወቷ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር። አቶ ተከስተም «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከታክሲ ወርዳ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትገባ የሚሰማ ለቅሶ አልነበረም። ሃድጉ፣ አባቷ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሁለት ጎረቤቶች፣ ቄሱ። ለመሸከም ሰው ስላነሰ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከመንገድ ተለምነው መጥተዋል፤ ሱሪያቸው ላይ ሲሚንቶ አለ። ሃድጉ አያለቅስም። ወደ ግቢው በር ያያል፣ ወደ ጉድጓዱ ያያል፣ ደግሞ ወደ በሩ።

አፈሩ ተመለሰ። አለቀ ብላ ስታስብ አቶ ተከስተ መዝገቡን ከብብታቸው አወጡ። መነጽራቸውን አጠለቁና፣ «አንድ» አሉ።

ሉሊ አባቷ ያበዱ መሰላት። «ሁለት። ሦስት።» በየቁጥሩ ላይ አንድ ትንፋሽ ይቆያሉ። ሰባት ጋ ሲደርሱ፣ የራሳቸው ቁጥር ነበርና፣ ራሳቸው ጠርተው ራሳቸው «አለሁ» አሉ። ከሰባት ወዲያ የሚመልስ ጠፋ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ፤ በሕይወት ያለውም የሞተውም እኩል ዝም አለ። የቀን ሠራተኞቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ስልሳ አንድን ጠርተው ከሌሎቹ ሁሉ አርዝመው ዝም አሉ። የሉሊ እጅ የሚይዘው አጥቶ ኪሷ ውስጥ ገባ፣ ስልኳን አወጣች፣ ከፈተችው።

«አባላችን ወ/ሮ አልጋነሽ ስላረፉ ወደ ቤታቸው እንድትደርሱ።»

አባቷ እስከ መቶ ስልሳ ሦስት ጠርተው ጨረሱ። አላቋረጡም።

በዚያው ሰዓት ቂርቆስ፣ የወይዘሮ አልጋነሽ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሎ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ያለቅስ ነበር። አልጋነሽ ብቻቸውን ኗሪ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ስልካቸውንም ቤት ትተው ጸበል ሄደዋል። ቤቱ ተቆልፎ ያገኘው እድርተኛ፣ «አስከሬኑ ከሆስፒታል አልወጣም» ብሎ ደምድሞ ተቀመጠ። አሥር ሰዓት ላይ አልጋነሽ ቢጫ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

«ምነው፣ ማን ሞተብኝ?»

ፊት ለፊት የተቀመጡ ሴት ጮኸው ከአግዳሚው ወደቁ። አቶ ተስፋማርያም እየተንተባተቡ፣ «እርስዎ ነዎት... ማለቴ፣ እርስዎ ሞተዋል ተብለን...» አሉ። «እኔ? በማን ፈቃድ!» ብለው አልጋነሽ ተቆጡ። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። ኋላ የሞቱት ፀሐይቱ መሆናቸው ሲሰማ ግን አልጋነሽ ጀሪካኑን ለቀቁት፤ ጸበሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። «የሷን ለቅሶ ወስጄባት!» አሉ። «የሷን ሰው በሙሉ እኔ ይዤባት!» ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሉሊን ባገኙ ቁጥር ይህንኑ ይደግሙላት ነበር። ለማጽናናት ይሁን ለመውቀስ ልትለየው አልቻለችም።

በማግስቱ እድሩ ተጠራርቶ ጎተራ ወጣ። ሃድጉ በሩን ከፍቶ አያቸው። «አሁን ማንን ልትቀብሩ ነው?» አለና ዘጋው። ሉሊ ለብቻዋ ሦስት ጊዜ ሄደች። ከውስጥ ኮቴ ይሰማል፣ በሩ ግን አይከፈትም። አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አልቅሳ ተመለሰች።

አቶ ተከስተ «አስተካክዪው» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም። ያን ጩኸቷንም አላነሱባትም፤ ቢያነሱባት ይሻላት ነበር። ሶርትን አውጥታ ቁጥሩን የሚጠብቀውን ትዕዛዝ አስገባች። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም፣ ይሄ ነው አንጀቷን የሚበላው። የሞተ አባል ስልክ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ የፀሐይቱን ለመሰረዝ ግን እጇ እምቢ አላት። ተወችው።

ከዚያ ወዲህ የእድሩ ቀብር አንድም አላመለጣት። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ነው ሃድጉን ያየችው። ከኋላ፣ ጽዱ ሥር፣ ግራጫ ኮት ለብሶ ብቻውን ቆሟል። ከእድሩ ወጥቷል፤ የሚነግረው ጎረቤት የለ፤ ከማንም ጋር ሰላምታ የለው። በሚቀጥለውም መጣ። በሚቀጥለውም። ቁጥር መጠራት ሲጀመር ቆሞ ይሰማል፤ ስልሳ አንድ ተጠርቶ ያቺ የአንድ ትንፋሽ ዝምታ ስታልፍ ዞሮ ይሄዳል። ሉሊ በልቧ፣ ለኔ ነው የሚመጣው፣ እንዳልረሳ ነው የሚመጣው አለች። ዝናብ ያለበት ቀን እንኳ ዛሬስ ይቀራል ብላ ዞር ስትል እዚያው ነው። ቢሮ ተቀምጣ ዝርዝር ስትደረድር ጀርባዋ ላይ የቆመ ይመስላትና ትዞራለች። መስቀል ፍላወር አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ምግብ ቤት ተቀምጣ ግራጫ ኮት ያየች እንደሆነ ምግቡን ትታ ትነሣለች። ስልሳ አንድ ቁጥርን መሸሽ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ሆና ወደ አምስት ዓመት ኖረች።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ ከጾሙ መግቢያ በፊት፣ አቶ ተከስተ ሞቱ። ሉሊ ራሷ ሰባት ብላ መታች። «አቶ ተከስተ» የሚለውን ዘጠኝ ጊዜ ጮክ ብላ አንብባ ላከችው። ሰው ግቢውን ሞላው። ሃድጉም መጣ። በዚህ ቀን ግን ጽዱ ሥር አልቆመም፤ ሰዉን እየገፋ ወደፊት መጥቶ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ተቀበለ። ቁጥሩን የጠሩት አቶ ተስፋማርያም ናቸው፤ ባዶዎቹን እየዘለሉ ቶሎ ጨረሱ። መዝገቡን ለሉሊ አስረክበው፣ «ከእንግዲህ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ። እነዚህን ክፍት ክፍቶች ዝጊና ከአንድ ጀምሮ አዲስ ቁጥር እንስጥ፤ ለኮምፒውተሩም ይቀላል» አሏት።

በሠልስቱ ሃድጉ ለቅሶ ቤት መጥቶ ጥግ ተቀመጠ። ሉሊ አላስቻላትም፤ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሃድጉ፣ ስደበኝ በቃ» አለችው። «ሰው ፊት ስደበኝና ይውጣልህ። እንዲህ ከኋላ እየቆምክ አትጨርሰኝ።»

ሃድጉ ግራ ተጋብቶ አያት። ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ አሮጌ ኖኪያ አወጣ። የእናቱ ነው።

«እኔ ላንቺ አይደለም የምመጣው» አለ። «ጥሪ እየመጣላት ነው። አልሰረዝሻትም እኮ። ሰው በሞተ ቁጥር ይቺ ትነዝራለች። እናቴ ደግሞ ከለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ታዲያ ማን ይሂድላት?»

ሃድጉ መልዕክቶቹን እስከ ታች ወርዶ የመጀመሪያዎቹ ጋ ደረሰና ስልኩን አቀበላት። አልጋነሽ አረፉ የሚለው መልዕክት ነው።

«ያን ቀን ትራሷ ሥር ነዘረ» አለ። «እሷ ተገንዛለች፣ ስልኳ ይነዝራል። አነበብኩት። ወይ ጉድ፣ አልጋነሽም ዛሬ ሞቱ አልኩ። ሰው ሳይመጣ ሲቀር፣ ከሁለቱ መርጠው እዚያ ሄዱ ብዬ አሰብኩ። እኛ ርቀናል፣ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ማን ይመጣልናል አልኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሰው ምን ሆኖ ነው፣ ምን ሆኖ ነው ይላሉ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ባሳያቸው ባንዴ ይገባቸው ነበር። አፈርኩ። እናቴን ሰው ትቷት ሌላ ለቅሶ ሄደ ብዬ ማሳየት አፈርኩ። አንቺ ሳታነቢው ቀረሽ፤ እኔ አንብቤ ደበቅኩት። በሩን ያልከፈትኩልሽ ምን ብዬሽ ነው?»

ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ። ለቅሶ ቤት ነውና ማንም ለምን አላላቸውም። ሊወጣ ሲነሣ፣ «ቁጥሯን እንዳትዘጊው» አላት።

አልዘጋችውም። አንዱንም አልዘጋችም፤ አቶ ተስፋማርያም ቢቆጡም ተቆጡ። ሚያዝያ ላይ ከእድሩ አንድ ሰው ሞተና ቀብሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡን ይዛ የቆመችው ሉሊ ነበረች። ከአንድ ጀመረች። «ሰባት» ብላ አንድ ትንፋሽ ቆየችና ቀጠለች። ሃድጉ እንደ ልማዱ ከኋላ ጽዱ ሥር ነበር።

«ስልሳ አንድ» አለች።

«አለች!» አለ ሃድጉ ከኋላ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሉሊ እስክሪብቶዋን አንሥታ ከፀሐይቱ ስም ጎን የመጣ ሰው ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ስልሳ ሁለትን ጠራች።